ማሽኑ “ቆመ” ወይስ “ቆሟል”?

የምኖረው ደሴ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ መልሼ እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሌሊት ሽፍት ሲደርሰኝ ደግሞ አመሻሽ ላይ ወርጄ ጠዋት እወጣለሁ። ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሽፍት መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ስንት ተመረተ፣ የትኛው ማሽን ተበላሸ፣ ማን ቀረ፣ ከስቶር ምን ጎደለ፤ ይሄ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ዋናው ኢንጂነራችን የውጭ ዜጋ ነው፤ አማርኛ አያውቅም።

እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሬ ተምሬያለሁ። ሃይስኩል ከገባሁ በኋላማ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነበር። የግሦቹን ሠንጠረዥ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ በቃሌ እወጣዋለሁ። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን። ፈተና ላይ “ባዶ ቦታውን ሙሉ” ሲባል ብዙም አልሳሳትም ነበር። ሥራ ላይ ግን ተሳሳትኩ። ስህተቱም ሌሎች ሰዎችን ጎዳ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው፤ እንደኔ ሠንጠረዡን በቃሉ ይዞ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚደናቀፍ ሰው ብዙ እንዳለ አውቃለሁ።

አንድ ሌሊት ማምረቻ መስመሩ (“ላይኑ” ነው የምንለው) ላይ ካሉት ማሽኖች አንዱ ቆመ። መካኒኩ ታገለው፤ አልተነሳም። የሚቀየረው ዕቃ ስቶር ውስጥ የለም። “ጠዋት ኢንጂነሩ ይዘዝ” ተባለ። እኔም መዝገቡ ላይ “ዘ ማሽን ስቶፕት” ብዬ ጻፍኩና ሰዓቱን ጨመርኩበት። በልቤ ያለው “ማሽኑ ቆሟል” የሚል ነው። ፈርሜ ወጣሁ።

ኢንጂነሩ ጠዋት ያነበበው ግን ሌላ ነገር ነው። “ሌሊት በዚህ ሰዓት ማሽኑ ቆሞ ነበር” ብሎ ነው የተረዳው። ቆመ፣ ተነሳ፣ ሥራው ቀጠለ። መዝገቡ ላይ እንደዚያ ዓይነት መስመር ሞልቷል፤ ማሽን በየሌሊቱ ይቆማል፣ ይነሳል። ስለዚህ ዕቃውን አላዘዘም። ማሽኑ እስከ ምሳ ሰዓት እንደቆመ ዋለ። የላይኑ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ የቀኑ ታርጌታቸው ጎደለ። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ዋጋውን የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ኢንጂነሩ ጠርቶ ሲጠይቀኝ አልገባኝም። “ጽፌያለሁ እኮ!” እያልኩ መዝገቡን አሳየዋለሁ። እሱም እዚያው መስመር ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ሁለታችንም አንድ ቃል እያየን የተለያየ ነገር እናነባለን።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር አሉ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ “ጋሼ” ነው የሚላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና ሊያፈሉ እየተሰናዱ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

“እስቲ ‘ማሽኑ ቆሟል’ን በእንግሊዝኛ በይልኝ” አሉኝ።

“ስቶፕት ነዋ ጋሼ።”

“እሱማ ‘ቆመ’ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ‘ቆሟል’ን ነው። አሁንም እንደቆመ ነው የሚለውን የት ጣልሽው?”

ዝም አልኩ። እውነትም ጥዬዋለሁ። አማርኛችን “ቆሟል” ሲል ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይናገራል፤ መቆሙንም፣ አሁንም ቆሞ መገኘቱን። “ቆሞ” እና “አለ” ተጣብቀው ነው የተሠራው። ያ “አለ” የአሁን ነው። እኔ ወደ እንግሊዝኛ ሳሻግረው “ቆሞ”ን ብቻ አሻገርኩ፤ “አለ” እዚህ ቀረ።

ጋሼ ወረቀት አምጥተው አራት መስመር ጻፉልኝ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ መዝገቤ ውስጥ አለ። “ዘ ማሽን ስቶፕት” ማለት ማሽኑ ቆመ፤ ያለፈ ነው፤ አሁን ይሥራ አይሥራ አይናገርም። “ዘ ማሽን ሃዝ ስቶፕት” ማለት ቆሟል፤ ወሬው የአሁን ነው፤ ተነሳ ካልተባለ እንደቆመ ነው። “ዘ ማሽን ስቶፕስ” ደግሞ ይቆማል ነው፤ ልማዱ ነው፣ ጠባዩ ነው። “ዘ ማሽን ኢዝ ስቶፒንግ” ካልሽ እየቆመ ነው፤ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሊያቆም ነው። ቀጥለው፦ “ከተጠራጠርሽ ‘ኢዝ ኖት ወርኪንግ’ በይና አርፈሽ ተቀመጪ። አይሠራም ነው። ማንም አይሳሳተውም” አሉኝ። ለመዝገብ ከሁሉም የሚሻለው ይሄኛው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እየቆመ እየተነሳ ሲያስቸግር ደግሞ “ኪፕስ ስቶፒንግ” እላለሁ። መካኒኮቹ ይቺን በጣም ይወዷታል፤ ዕቃ ከመቀየራቸው በፊት ምን እንደሚፈልጉ ትነግራቸዋለች።

“ስቶፕት” ብዬ መጻፌ ግር ብሏችሁ ይሆናል። ትምህርት ቤት “ስቶፕድ” እያልን ነው ያደግነው። ሲጻፍ መጨረሻው ኢ እና ዲ ነው፤ ሲነገር ግን ሦስት ዓይነት ነው። “ስቶፕ” እና “ወርክ” መጨረሻቸው ላይ ጉሮሮ የማይነዝር ድምፅ ስላላቸው “ስቶፕት”፣ “ወርክት” ይሆናሉ። “ክሊን” እና “ኦፕን” ስለሚነዝሩ “ክሊንድ”፣ “ኦፕንድ” ይባላሉ። በ“ት” ወይም በ“ድ” የሚያልቁት ብቻ ናቸው አንድ ቀለም የሚጨምሩት፤ “ዋንት” ሲያልፍ “ዋንቲድ” ይሆናል። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና ሞክሩት፤ ይታወቃችኋል። ይህን ሳላውቅ ኢንጂነሩ “ወርክት” ሲል እኔ “ወርክ” እሰማ ነበር። ያለፈውን ሁሉ የአሁን አድርጌ ስሰማ ከርሜያለሁ።

የዚያን ቀን ጋሼ ቤት ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ተቀመጥኩ። ስሄድ ያሰብኩት ስለ አንድ ማሽን ነበር። ስመለስ ግን ስህተቴ ሁሉ ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዳ ገብቶኛል። አማርኛችን ባለፈ ግሥ ስለ አሁን ይናገራል። እንግሊዝኛ እዚያ ቦታ ላይ የአሁኑን ግሥ ይፈልጋል።

ሹራቤን ልንገራችሁ። ደሴ ጠዋት ትበርዳለች፤ ሹራብ ለብሻለሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ የምትል ናት፤ ሐረጎን ጨርሰን ስንወርድ ሙቀቱ ይቀበለናል። “ለብሻለሁ” ባልኩ ጊዜ ሹራቡ ሰውነቴ ላይ ነው። እንግሊዝኛው “አይ አም ዌሪንግ” ነው እንጂ “አይ ዎር” አይደለም። “አይ ዎር” ካልኩ ሰሚው ያኔ ለብሼው እንደነበር ብቻ ነው የሚሰማው። ታክሲ ውስጥ “ተቀምጫለሁ”፤ እነሱ “አይ አም ሲቲንግ” ይላሉ። ቦርሳዬን “ይዣለሁ”፤ “አይ አም ሆልዲንግ”። አጠገቤ ያለው ሰው “ተኝቷል”፤ “ሂ ኢዝ ስሊፒንግ”። “ደክሞኛል” ደግሞ “አይ አም ታየርድ” ነው። እነዚህን በአማርኛ ስንላቸው ድርጊቱ ያለቀ ይመስላል፤ ለበስኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ያዝኩ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁኔታ ነው። እንግሊዝኛ የሚያየው ያንን ሁኔታ ነው።

አጭሩ ግሥ ደግሞ የባሰ ያሳስታል። ሰው ሲጠራን “መጣሁ! መጣሁ!” እንላለን፤ ገና ከወንበራችን አልተነሳንም። ልንወጣ ስንል “በቃ ሄድኩ” እንላለን፤ እግራችን እቤት ውስጥ ነው። “ራበኝ”፣ “ደከመኝ”፣ “በረደኝ”፣ “ገባኝ”፤ ሁሉም አሁን ነው። አማርኛ ላይ ያምራል፤ ማንም አይሳሳተውም።

አንድ ቀን ኢንጂነሩ ከታች ሆኖ ስልክ ደወለ። የት እንዳለሁ ጠየቀኝ። እኔ ላይኛው ፎቅ ነኝ። “አይ ኬም! አይ ኬም!” አልኩት። መጥቻለሁ ያልኩ መስሎት በሩ ላይ፣ ስቶሩ ጋ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ሲፈልገኝ ቆየ። ስደርስ “የት ነበርሽ?” አለኝ። ያኔ አልገባኝም። “አይ አም ካሚንግ” ማለት ነበረብኝ።

ሌላም አለ። የአክስቴ ልጅ ውጭ አገር ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ትንሽ ነው። በስልክ “አይ ሚስት ዩ” ብዬ ጻፍኩላት። “ናፈቅሽኝ” ማለቴ ነው። “አሁንስ?” ብላ መለሰችልኝ። እንግሊዝኛ እንደዚያ የሚለው ሰው ተራርቆ ከቆየ በኋላ ሲገናኝ ነው፤ ናፍቆቱ ሲያበቃ። ናፍቆቱ ካለ “አይ ሚስ ዩ” ነው። “ገባኝ”ም እንደዚሁ ነው። ስብሰባ ላይ “አይ አንደርስቱድ” ስል ኖሬያለሁ፤ ሰሚው ግን ቀደም ሲል ገብቶኝ እንደነበር ነው የሚሰማው። አሁን ከገባችሁ “አይ አንደርስታንድ” በሉ። ይህን “አይ አም አንደርስታንዲንግ” ማለትም አያስፈልግም። ማወቅ፣ መፈለግ፣ ማመን፣ መውደድ፣ መረዳት፤ እነዚህ በልብ ውስጥ ያሉ ነገሮች አሁንም ቢሆኑ ያቺን “ኢንግ” ብዙ ጊዜ አይወስዱም።

ታዲያ እንዴት ነው የማቃናው? ጋሼ የሰጡኝ ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው። ግሡን ከመተርጎሜ በፊት ነገሩን አየዋለሁ። አንደኛ፣ “አሁንም እንዲያ ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። ማሽኑ አሁንም ቆሟል? ልጅቷ አሁንም ታማለች? መልሱ አዎ ከሆነ እንግሊዝኛዬ ውስጥ የአሁን ምልክት መኖር አለበት፤ “ኢዝ”፣ “አም”፣ “ሃዝ”፣ “ሃቭ”። ሁለተኛ፣ “መቼ?” ብዬ እጠይቃለሁ። “ትናንት”፣ “ሌሊት 8 ሰዓት ላይ”፣ “ሰኞ”፣ “በ2012” የሚል መልስ ካለው ያለፈው ግሥ ነው፤ “ሃቭ” ዝር አይልም።

ሁለተኛው ለኛ ከባድ ነው። አማርኛ ላይ “ትናንት አይቼዋለሁ” ትክክል ነው። ስለዚህ “አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ” እንላለን። እንግሊዝኛ ይሄን አይቀበልም። “የስተርደይ” የተዘጋ በር ነው፤ “ሃቭ” ደግሞ ክፍት በር ነው። አንድ ላይ አይሆኑም። ወይ “አይ ሶው ሂም የስተርደይ”፣ ወይ ቀኑን ትቶ “አይ ሃቭ ሲን ሂም”። ይሄን ለማስለቀቅ ብዙ ወር ፈጅቶብኛል። አሁን መዝገብ ላይ ሰዓት የምጽፍ ከሆነ እጄ ራሱ “ሃዝ”ን ይተዋታል። ሰዓቱንም ሁኔታውንም መጻፍ ስፈልግ በሁለት ዓረፍተ ነገር እከፍለዋለሁ፦ በዚህ ሰዓት ቆመ፤ አሁንም አይሠራም።

ሥራ ቦታ ውስጥ እድገት ለማግኘት ቃለ መጠይቅ ስገባ ይሄው ጉዳይ ጠቀመኝ። እዚህ ስንት ጊዜ እንደሠራሁ ተጠየቅኩ። “አይ ወርክት ሂር ፎር ስሪ ይርስ” ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንደዚያ ብል “ሦስት ዓመት ሠርቼ ለቀቅኩ” ማለት ይሆን ነበር። “አይ ሃቭ ወርክት” አልኩ። በዚያች አንዲት “ሃቭ” ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ።

“ነበር” ላይም ተጠንቀቁ። “እሠራ ነበር” ስንል “ነበር”ን “ዎዝ” አድርገን “አይ ዎዝ ወርክ” እንላለን። እንደዚህ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ሰዓት በመሥራት ላይ ከነበርኩ “አይ ዎዝ ወርኪንግ” ነው። ድሮ ልማዴ ከነበረና ከተውኩት “አይ ዩስት ቱ ወርክ” ነው። አማርኛው አንድ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ራሳችንን መጠየቅ አለብን።

“ዲድ” ላይ ብዙ አልቆይም። “አልሄደም” ለማለት “ዲድ ኖት ዌንት” የሚል ብዙ ሰው እሰማለሁ። ያለፈውን ጊዜ “ዲድ” ተሸክሞታል፤ ሁለት ጊዜ መሸከም የለም። “ዲድ ኖት ጎ” ነው። “ደዝ”ም እንደዚሁ “ስ”ን ከግሡ ላይ ይወስዳታል። “ስ” እራሷ ለምትጠፋባችሁ ደግሞ እኔን የረዳኝ ይሄ ነው። እኛ “ይሠራል” ስንል “ይ” መጀመሪያ ላይ ትመጣለች። እነሱ መጨረሻ ላይ “ስ” ያስቀምጣሉ። የኛን “ይ” ወደ ኋላ ወስዳችሁ አስቡት።

“ይሠራል” ሌላም ጣጣ አለው። በየቀኑም ይሠራል፣ ነገም ይሠራል። “ነገ እሄዳለሁ”ን “አይ ጎ ቱሞሮው” ብንለው እንግዳ ይሆናል፤ “አይ ዊል ጎ” ወይም “አይ አም ጎይንግ” ይሻላል። በፕሮግራም የተቆረጠ ነገር ሲሆን ግን የአሁኑ ግሥ ይፈቀዳል። ከመናኸሪያ ጠዋት የሚነሳው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሰዓቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ለነገም ቢሆን “ዘ በስ ሊቭስ” ቢባል ያስኬዳል።

መልመጃዬ መንገዱ ነው። ጠዋት ስወርድ በአሁን ግሥ ብቻ በልቤ እናገራለሁ። የማየውን እላለሁ፦ ጉሙ ሐረጎን ሸፍኗል፣ ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ ነው፣ ሹፌሩ እየተጠነቀቀ ነው። ከዚያ ልማዱን እላለሁ፦ በዚህ ኩርባ ሁሌም ይቀዘቅዛል፣ ሹፌሩ ሁሌም ቦርከና ወንዝ ጋ ስንደርስ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። “ኢንግ” እና “ስ” በዚህ ተለያዩልኝ። ማታ ስወጣ ደግሞ ባለፈ ግሥ ብቻ። ዛሬ ምን ሆነ? ማን መጣ፣ ምን ተሰበረ፣ ምን ላክን? ድካሜ ሲበዛ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ እላለሁ። ቤት ስገባ ከመካከላቸው የጠረጠርኩትን ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ፤ ቅዳሜ ለጋሼ አሳያለሁ።

ሠንጠረዡን በፊደል ተራ መሸምደድም ተውኩ። የሥራዬን ግሦች ብቻ ለየሁ። ብሬክ፣ ብሮክ። ሴንድ፣ ሴንት። ብሪንግ፣ ብሮት። ፋይንድ፣ ፋውንድ። “ከት” እና “ፑት” አይለወጡም፤ የቆረጣ ክፍል ልጆች በዚህ ዕድለኞች ናቸው። “ሪድ” ሲጻፍ አይለወጥም፣ ሲነበብ ግን “ሬድ” ይሆናል። ሃያ የማይሞሉ ግሦች የመዝገቤን አብዛኛውን ሥራ ሠሩልኝ። እንግሊዝኛ ውስጥ ከሥርዓት የወጡት ግሦች ብዙዎቹ በየቀኑ አፍ ላይ የሚመላለሱ ናቸውና ደጋግማችሁ ታገኟቸዋላችሁ። “ዌንት” ለምን “ጎ”ን እንደማይመስል ስጠይቅ ጋሼ አስረዱኝ። ድሮ “ዌንድ” የሚባል ሌላ ግሥ ነበር፤ የሱ ያለፈ ጊዜ ነው “ጎ” የወሰደው። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

ከጥቂት ሳምንት በፊት ደግሞ ሌሊት ማሽን ቆመ። ይሄ ሌላኛው ነው። መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ከ“ስቶፕት” ጋር ጻፍኩ። ከሥሩ “ኢት ኢዝ ኖት ወርኪንግ ናው” ብዬ ጨመርኩ፤ የሚያስፈልገውን ዕቃም ጻፍኩ። ጠዋት ኢንጂነሩ መዝገቡን ዘግቶ ቀጥታ ወደ ስቶር ሲሄድ አየሁት።

አሁን የያዘኝ የሰው ንግግር ማስተላለፍ ነው። በአማርኛ “መካኒኩ ‘እመጣለሁ’ አለ” እንላለን፤ የሰውየውን ቃል እንዳለ እናስቀምጣለን። እንግሊዝኛ ግን “አለ” ካለፈ ውስጡ ያለውንም ብዙ ጊዜ አብሮ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ “ሂ ሴድ ሂ ውድ ካም” ይሆናል። “እኔ” የነበረው “እሱ” ሆነ፣ “ዊል” የነበረው “ውድ” ሆነ። በዚህ ሳምንት ማታ ማታ ሐረጎን ስወጣ የምለማመደው ይሄን ነው። ታክሲው ውስጥ ሰዎች የሚያወሩትን እሰማለሁ፤ እሱ እንዲህ አለ፣ እሷ እንዲህ አለች። ከሦስቱ አንዱ ይስተኛል። ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ጋሼ ጋ እሄዳለሁ።